ጭንቅላቱ የሚቆረጥ ብሎን

ያረጀችውን መኪናዬን የመሪ መቆለፊያ ፈትቼ ስገጥም ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ ብሎኑ ነው። ሲጠብቅ ጭንቅላቱ እንዲቆረጥ ሆኖ ተሠርቷል፤ ሌባ እንዳይፈታው፣ መካኒክም አብሮ ይቸገር ዘንድ። ተራ ብሎን መጠቀም ይቀልል ነበር፤ አልፈቀድሁም። ሆኖም ቁልፉ ሲዞር የመቆለፊያው ምላስ ከመሪው ዘንግ ሙሉ በሙሉ መውጣቱን ደጋግሜ ሳላይ አላጠበቅሁትም፤ በጉዞ ላይ መሪ የሚይዝ መቆለፊያ ከሌባ ይከፋልና።

ምዕራብ ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ መቆለፊያውን በአሮጌም በአዲስም መኪና ላይ ስታስገድድ ስርቆት ቀነሰ። እንግሊዝ በ1971 አዲሶቹን ብቻ አስገደደች፤ ሌቦቹ ወደ አሮጌዎቹ ዞሩ። አሮጌ መኪና የሚነዳው ማን እንደሆነ ደንብ አውጪዎቹ ሳያውቁት የቀሩ አይመስለኝም። የጀርመኑ መንገድ ወጪውን በባለመኪናው ላይ ይጥላል፤ እኔ ግን ከሁለቱ እርሱን እመርጣለሁ።