ከማዘጋጃ ቤት እስከ ለገሃር፤ ለሁለት ልጆች የሚሆን ጋሪ አመራረጥ

ሁለት ሕፃናት ያሏት እናት ከቤት ለመውጣት ስታስብ በመጀመሪያ የሚያሳስባት ጉዳይዋ ሳይሆን መንገዱ ነው። ትንሹን በጀርባዋ አዝላ፣ ትልቁን በአንድ እጇ ይዛ፣ በሌላው እጇ የልጆቹን ዕቃ አንጠልጥላ እስከ ታክሲ ተራ ለመድረስ ያለውን ድካም ያየች ታውቀዋለች። አንዳንዷም ይህን ድካም ከማየት እቤት መዋልን ትመርጣለች። በዚህም ምክንያት የክትባት ቀን ያልፋል፤ የታመመ ዘመድ ሳይጠየቅ ይከርማል፤ ልጆቹም ከአራት ግድግዳ ሌላ ሳያዩ ይውላሉ።

ሠራተኛ ለሆነች እናት ደግሞ እቤት መዋል ምርጫ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ዐዋጅ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን የዕረፍት ጊዜ ይሰጣል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች ዐዋጅም መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ደንግጎ ነበር። ይሁን እንጂ ማቆያው ቢኖርም ሕፃኑን በየማለዳው እዚያ ማድረስ ግድ ነው። ትልቁ ልጅ መዋዕለ ሕፃናት የሚውል ከሆነ ደግሞ ጉዞው ሁለት ይሆናል።

ለዚህ ችግር መፍትሔ ተብለው በየሱቁ ከሚታዩት ዕቃዎች አንዱ ሁለት መቀመጫ ያለው የሕፃናት ጋሪ ነው። ውጭ አገር ያለ ዘመድም ልኮት ሊሆን ይችላል። ዋጋው ቀላል ባለመሆኑ ተገዝቶ ከበር ኋላ ተደግፎ ቢቀር ጉዳቱ ለቤተሰቡ ከባድ ነው። ስለሆነም እናቶች ጋሪ ከመግዛታቸው በፊት የጋሪውን ቀለምና ማማር ሳይሆን የሚሄዱበትን መንገድ ማጥናት ይገባቸዋል። ለዛሬው ከቤትዎ ደጃፍ ተነሥተን፣ በሰፈር ውስጥ አልፈን፣ ከማዘጋጃ ቤት እስከ ለገሃር ያለውን ቸርችል ጎዳና አብረን እንውረድና መንገዱ ስለ ጋሪው የሚነግረንን እንመልከት።

ከቤት ደጃፍ

ባለሁለት መቀመጫ ጋሪ በሁለት ዓይነት ይሠራል። አንደኛው ልጆቹ ጎን ለጎን የሚቀመጡበት ነው። ሁለተኛው አንዱ ከፊት፣ ሌላው ከኋላ የሚቀመጡበት ነው። ጎን ለጎን የሚያስቀምጠው አብዛኛውን ጊዜ ከ70 እስከ 80 ሳንቲ ሜትር ስፋት አለው። ፊትና ኋላ የሚያስቀምጠው 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ነገር ግን ይረዝማል፣ ለመጠምዘዝም ሰፊ ቦታ ይፈልጋል።

በአሜሪካ ሕግ ለሕዝብ አገልግሎት የሚሠሩ ሕንፃዎች በር ሲከፈት ከ81 ሳንቲ ሜትር እንዳይጠብ ይጠይቃል። ለዚያ አገር ገበያ የሚሠራ ጋሪም ይህንን በር አስቦ የተሠራ ነው። የእርስዎ በር ግን ከዚያ ሊጠብ ይችላል። ስለዚህ ሜትር ይያዙና የቤትዎን፣ የግቢዎን፣ የጤና ጣቢያውንና የመዋዕለ ሕፃናቱን በር ስፋት ይለኩ። የሚወስነው ከሁሉ የጠበበው በር ነው። የሁለት ሣንቲም ብልጫ ጋሪውን በየቀኑ ከደጅ ሊያስቀረው ይችላል።

በጋራ መኖሪያ ቤት ለሚኖሩ ደግሞ ከበሩ የሚብሰው ደረጃው ነው። ብዙዎቹ የኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች ከምድር በላይ አራት ፎቅ ያላቸውና አሳንሰር የሌላቸው ናቸው። እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ራስዎን ይጠይቁ። ማንም ረዳት በሌለበት ሰዓት መጀመሪያ የሚወርደው ማን ነው? ጋሪውን አስቀድመው ቢያወርዱ ልጆቹ ላይ ብቻቸውን ይቀራሉ። ልጆቹን ቢያስቀድሙ ደግሞ ጋሪውን ለማምጣት ሲመለሱ ታች ብቻቸውን ይቆማሉ። ሁለቱም አደጋ ነው። ባለሁለት መቀመጫ ጋሪ ከ10 እስከ 17 ኪሎ ይመዝናል። ትንሹን አዝለውና የትልቁን እጅ ይዘው በቀረው አንድ እጅዎ ሊያነሡት የማይችሉትን ጋሪ ሦስተኛና አራተኛ ፎቅ ላይ ሆነው ባይገዙ ይመረጣል። ምድር ቤት በሚቆለፍ ቦታ የሚያስቀምጡበት ካለ ግን ነገሩ ይለወጣል።

የሰፈር ውስጥ ንጣፍ

ከግቢ ሲወጡ በብዙ ሰፈሮች የሚቀበልዎ በእጅ የተጠረበ የድንጋይ ንጣፍ ወይም ኮብልስቶን ነው። ከጭቃና ከአቧራ አሳርፎናል፤ ለትንንሽ ጎማ ግን አይመችም። ብርሃን ለሚያንጸባርቅ የገበያ አዳራሽ ወለል የተሠራ ጋሪ ጎማው ከሰው መዳፍ ብዙም አይበልጥም። እንዲህ ያለው ጎማ በድንጋዮቹ መካከል ይገባል፣ ይንቀጠቀጣል፣ በቱቦ ክዳን ሽንቁር ውስጥም ይሰነቀራል። ጎማው ሲሰነቀር ጋሪው ባለበት ይቆማል፤ ያልታሰረ ልጅ ግን ወደፊት ይወረወራል።

ስለዚህ የሚኖሩት በድንጋይ ንጣፍ ሰፈር ከሆነ ጎማው ሰፋ ያለውን፣ ይልቁንም እንደ ብስክሌት ጎማ አየር የሚሞላውን ይምረጡ። እንዲህ ያለው ጎማ መንገዱን ያለሰልሳል። ጉድለቱ ክብደቱና መተንፈሱ ነው፤ ይሁንና የብስክሌት ጎማ የሚጠግን ባለሙያ ይሠራዋል። የፊት ጎማው እንዳይዞር የሚቆለፍበት ማገጃ ካለውም በኮብልስቶን ላይ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። በእያንዳንዱ መቀመጫ ላይ ትከሻን፣ ወገብንና መሐል እግርን የሚይዝ ባለአምስት ጫፍ ቀበቶ መኖሩን ያረጋግጡ። ልጁ ቢያለቅስም ይታሰር።

ታክሲና አውቶቡስ

እስከ ማዘጋጃ ቤት የሚወስድዎ ሚኒባስ ታክሲ ከሆነ ጋሪው መታጠፍ አለበት። እዚህ ላይ አንድ ሰው ውለታ ውሎልናል። ኦወን ማክላረን የተባለው እንግሊዛዊ የአውሮፕላን መሐንዲስ ስፒትፋየር የተባለውን የጦር አውሮፕላን ማረፊያ እግር የነደፈ ነበር። በ1965 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ዕውቀቱን ተጠቅሞ ከአሉሚኒየም የተሠራ፣ እንደ ጃንጥላ የሚታጠፍና ከ3 ኪሎ የማይበልጥ የሕፃን ጋሪ ነደፈ። ዛሬ በየታክሲው ወንበር ሥር የሚገቡት ቀላል ጋሪዎች ሁሉ ከዚያ የመጡ ናቸው።

ባለሁለት መቀመጫው ግን እንደዚያ አይቀልም። ሲታጠፍም ጎን ለጎን የሆነው አብዛኛውን ጊዜ ስፋቱ አይቀንስም። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ እያሉ ሻጩ ሲያጥፍልዎ ማየት አይበቃም። ራስዎ፣ በአንድ እጅዎ ብቻ፣ ሕፃን ታቅፈው እንደሆነ አድርገው አጥፈው ይዘርጉት። ረዳቱ «ቶሎ በይ!» እያለ፣ ከኋላ ያለው ተሳፋሪ እየገፋ የሚሆነውን ያስቡት። ከአንድ ደቂቃ በላይ የሚፈጅ ከሆነ በሥራ መግቢያ ሰዓት አያገለግልዎትም።

ሲያጥፉትና ሲዘረጉት ልጆቹ እንዳይጠጉ ያድርጉ። በ2009 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አንድ ሚሊዮን ያህል ተጣጣፊ ጋሪዎች በመገጣጠሚያቸው ላይ መሸፈኛ እንዲደረግላቸው ተወስኖ ነበር። ምክንያቱም በመገጣጠሚያው መካከል ጣታቸው ገብቶ የተቆረጠ ሕፃናት ነበሩ። ያገለገለ ጋሪ የሚገዙ ወይም በውርስ የሚቀበሉ እናቶች ይህን ቦታ፣ ፍሬኑንና ቀበቶውን በተለይ ይመርምሩ።

ቁልቁለቱ

አሁን ማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ደርሰናል። ከየካቲት 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የተከፈተው የዓድዋ ድል መታሰቢያም በአቅራቢያው ይገኛል። ከዚህ ቦታ ወደ ደቡብ ሲመለከቱ ጎዳናው ቀጥ ብሎ ወደ ለገሃር ይወርዳል። ርቀቱ ወደ 3 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ቴዎድሮስ አደባባይን አልፎ፣ በሊሴ ገብረ ማርያም፣ በዋናው ፖስታ ቤት፣ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታልና በትግላችን ሐውልት በኩል ተጉዞ ብሔራዊ ቴአትር አጠገብ ይደርሳል። በ2013 ዓ.ም. ከመስቀል አደባባይ እስከ ማዘጋጃ ቤት ያለው መስመር ሲታደስ የእግረኛ መንገዱም ተሻሽሏል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማት በሌሎች ዋና ዋና መንገዶችም ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶች ተሠርተዋል። ስለዚህ በእነዚህ ቦታዎች ጎን ለጎን የሚያስቀምጠው ጋሪ እንኳ ሌላውን እግረኛ ሳያስቸግር ያልፋል።

እዚህ ላይ ችግሩ ቁልቁለቱ ነው። እስቲ እናስላው። የሁለት ዓመት ልጅ 12 ኪሎ፣ የስድስት ወር ሕፃን 7 ኪሎ ተኩል፣ ጋሪው 14 ኪሎ፣ ዕቃው 3 ኪሎ ተኩል ቢሆን ድምሩ 37 ኪሎ ነው። በ10 ሜትር ርዝመት 1 ሜትር በሚወርድ ቁልቁለት ላይ ይህ ጋሪ ወደ ታች የሚጎትትዎት 4 ኪሎ ያህል ዕቃ በገመድ ታስሮ እንደሚጎትት ነው። ክብደቱ ትንሽ ቢመስልም አያቋርጥም፤ ለአንዲት ደቂቃ እጅዎን ቢለቁ ደግሞ እየፈጠነ ይሄዳል። ስለዚህ በእጅ አንጓ የሚታሠር ማሰሪያ ያለውን ጋሪ ይምረጡ፤ ከሌለው ጠንካራ ጨርቅ ያስሩለት። ስልክ ለማንሣት ወይም ለመገበያየት ሲቆሙ ፍሬኑን ይርገጡ፤ ጋሪውንም ወደ ቁልቁለቱ ሳይሆን ወደ ጎን ያዙሩት።

የገዙትን ሽንኩርትና ድንች በመያዣው ላይ ማንጠልጠልም የተለመደ ስሕተት ነው። ፊት የተቀመጠው ልጅ ሲወርድ ጋሪው ከኋላው ልጅ ጋር ወደ ኋላ ይገለበጣል። ዕቃ የሚቀመጠው ከመቀመጫው በታች ባለው ቅርጫት ነው።

በፖስታ ቤቱ አካባቢ መንገድ ሲያቋርጡ የሁለቱ ዓይነት ጋሪዎች ልዩነት ይታያል። ፊትና ኋላ የሚያስቀምጠው ረዥም ስለሆነ የእግረኛ መንገዱን ጠርዝ ለመውጣት ፊቱን ማንሣት ይከብዳል፤ በተለይ ከባዱ ልጅ ፊት ከተቀመጠ። በብዙዎቹም የኋለኛው መቀመጫ ዝቅ ያለ ነው። ዝቅ ያለ ልጅ ለመኪና ጭስ መውጫ ይቀርባል። ጎን ለጎን የሚያስቀምጠው ጠርዙን በቀላሉ ይወጣል፤ ልጆቹም እኩል ያያሉ። ነገር ግን የአንዱ ክብደት ከሌላው በጣም ከበለጠ ወደ ከባዱ በኩል ይስባል።

ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነችው ከተማችን የቀትር ፀሐይ ያቃጥላልና የጋሪው ጥላ ሰፊ ይሁን። ፀሐይ እንዳይነካው ብለው ጋሪውን በነጠላ ወይም በፎጣ አይሸፍኑት፤ ውስጡ ይሞቃል፣ አየርም ያጥረዋል። ለክረምት የሚሆነው ላስቲክም አየር ማስገቢያ ያለው መሆን ይኖርበታል።

ለገሃርና መመለሻው

በ1909 ዓ.ም. የምድር ባቡሩ አዲስ አበባ የደረሰበት ለገሃር ሲደርሱ ወርደው ጨርሰዋል። እንግዲህ 37ቱን ኪሎ ይዞ ያንኑ 3 ኪሎ ሜትር ሽቅብ መመለስ ነው። ብርቱ ሰው ካላገዘ በቀር ይህን አንመክርም። ከመስከረም 2008 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው ቀላል ባቡርም በዚህ አካባቢ ከመሬት ከፍ ባለ ድልድይ ላይ ስለሚሄድ መወጣጫው እንደገና መታጠፍን ይጠይቃል። ስለዚህ የጉዞውን ግማሽ የሚያቃልል ጋሪ ለሌላው ግማሽ ሸክም እንዳይሆን አስቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋል።

አንቀልባ አልተሻረም

ይህን ሁሉ ስናይ የእናቶቻችን አንቀልባ ያለ ምክንያት እንዳልኖረ እንረዳለን። በሩ አይጠብበትም፤ ደረጃው አያስቸግረውም፤ ታክሲም አያስከፍልም። ትንሹን አዝሎ ትልቁን በቀላል ባለአንድ መቀመጫ ጋሪ መግፋት ለብዙ ቤተሰብ የሚበቃ መፍትሔ ነው። ሲታዘል እግሮቹ ከፈት ብለው ጉልበቱ ከፍ ያለ ይሁን፤ አፍና አፍንጫው አይሸፈን። አንገቱን ገና ያልቻለ ሕፃን ግን ጀርባ ላይ ባይታዘል ይሻላል።

ባጠቃላይ ምርጫው እንደሚከተለው ነው። መንታ የወለደች እናት ሁለቱም እኩል ስለሚከብዱ፣ በሯና መንገዷ ከፈቀዱ፣ ጎን ለጎን የሚያስቀምጠውን ብትመርጥ ይጠቅማታል። ልጆቹ በአንድ ዓመት ተኩል ወይም በሁለት ዓመት የሚበላለጡና በሯ ጠባብ የሆነ እናት ፊትና ኋላ የሚያስቀምጠው ይሻላታል። ትንሹ ሳይደገፍ መቀመጥ እስኪችል፣ ይኸውም እስከ ስድስት ወር ገደማ፣ የእሱ መቀመጫ ጨርሶ የሚዘረጋና የሚያስተኛ መሆን አለበት። ትልቁ ሦስት ዓመት ሊሞላው ለደረሰ ቤተሰብ ባለሁለት መቀመጫው ለጥቂት ወራት ብቻ ስለሚያገለግል ገንዘቡን ለሌላ ጉዳይ ማዋል ነው። ከፎቅ የምትኖርና በታክሲ የምትመላለስ ሠራተኛ እናት ደግሞ አንቀልባና አንድ ቀላል ጋሪ ይበቃታል።

ስለዚህ ወደ ሱቅ ከመሄድዎ በፊት በአንድ የዕረፍት ቀን ሜትር ይዘው፣ ባለቤትዎንም ጨምረው፣ በየቀኑ የሚሄዱበትን መንገድ አንድ ጊዜ ይሂዱበት። በሩን ይለኩ፤ ደረጃውን ይቁጠሩ፤ ቁልቁለቱን ይመልከቱ። ዘመድ ከውጭ ሊልክልዎ ካሰበም ልኩን ጽፈው ይላኩለት። ጋሪውን ባለቤትዎም ይግፋው፤ ልጆቹ የሁለታችሁ ናቸውና። የጋሪው ጥቅም እናትና ልጆቿ አብረው ወጥተው በደኅና እንዲመለሱ ማስቻሉ ነው፤ ይህን የማያደርግ ጋሪ ቢያምርም አይግዙት።