ዲሹ ወደ ጉና፣ ጀልባዋ ወደ ጣና

ደብረ ታቦር ውስጥ አቅጣጫ የጠፋበት እንግዳ ሰው መጠየቅ አያስፈልገውም፤ ቀና ብሎ ጣሪያ ማየት ይበቃዋል። ከቆርቆሮ ቤት እስከ ፎቅ ዲሾቹ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ዞረው ቆመዋል። በዚያ በኩል ያለው የጉና ተራራ ነው። ጉናን የሚያዩ ይመስላሉ እንጂ የሚያዩት ሌላ ነው፤ ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በ57 ዲግሪ ምሥራቅ የተቀመጠችውን ኤንኤስኤስ 12ን፣ እኛ ኢትዮሳት የምንላትን።

ከ2012 ዓ.ም. በፊት ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር። አብዛኛው ቤት ናይልሳት ነበረው፤ ናይልሳት ደግሞ በ7 ዲግሪ ምዕራብ ነው። በካርታ ላይ ከከተማችን ተነስታችሁ በዚያ አቅጣጫ መስመር ብታሰምሩ በደቡባዊው ጣና፣ በዘጌ አካባቢ ያልፋል። ማለትም ያን ጊዜ ዲሾቻችን ጣናን ያዩ ነበር። ከዚያ የአገር ውስጥ ቴሌቪዥኖች ወደ ኢትዮሳት ሲዛወሩ ከተማው በሙሉ ለጣና ጀርባውን ሰጠና ወደ ጉና ዞረ። ያዞረው እንደ ወንድሜ ያለ ሰው ነው። መሰላል፣ 13 ቁጥር ቁልፍ፣ አንድ ፋይንደርና 11105 ኤች 45000 የምትለዋን ቁጥር በቃሉ ይዞ ከጣሪያ ጣሪያ ዞረ። በዚያ ዓመት ያገኘውን ያህል ብር ከዚያ በኋላ አግኝቶ አያውቅም። በእሱ ተማምኖ ነው በብድር ባጃጅ የገዛው። ባጃጇ አሁን ከምትሠራበት ቀን ቤንዚን ሰልፍ ላይ የምትውልበት ይበልጣል፣ ብድሩ ግን ሰልፍ አያውቅም።

እኔ ፊዚክስ ተምሬ ሥራ የምጠብቅ እህቱ ነኝ። ሥራ መጠበቅ ራሱ ሥራ ስለሆነ ከእሱ ጋር ጣሪያ እወጣለሁ፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ማኑዋል አነብለታለሁ። ደንበኞች መጀመሪያ ላይ «ልጅቷ ምን ትሠራለች?» ይሉ ነበር። አሁን «ዲግሪውን የምትለካዋ» ነው ስሜ።

በ2017 ሚያዝያ ላይ ከባሕር ዳር አንድ ሰውዬ ደወሉ። ወንድሜ ድሮ የእህታቸውን ቤት ዲሽ ሠርቶላቸዋል። እሳቸው ጀልባ አላቸው፤ ሰውና ጭነት የምታመላልስ ሳይሆን የመዝናኛ፣ ጣሪያና ፍራሽ ያላት፣ ወደ 15 ሰው የምትይዝ። ሰላም በነበረ ጊዜ ቱሪስት ወደ ገዳማቱ ያመላልሱባት ነበር። ከ2015 ነሐሴ በኋላ የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ፈረንጁም ቀረ፣ የአዲስ አበባው ሰውም ቀረ። የቀረላቸው የከተማው ሰው ነው፣ የከተማው ሰው ደግሞ ጣናን በየቀኑ ስለሚያየው ብር ከፍሎ እንዲሳፈር ሌላ ምክንያት ይፈልጋል። ምክንያቱን አግኝተውታል፤ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ጀልባ ላይ፣ በቀዝቃዛ ቢራ፣ አርሰናል።

ሌላም ሐሳብ ነበራቸው፣ እኔን የገረመኝ እሱ ነው። ክብራን ገብርኤል ገዳም ሴት አይገባም። ባልና ሚስት አብረው ይሄዳሉ፣ ባል ይወርዳል፣ ሚስት ጀልባዋ ላይ ትጠብቃለች። «ለሷ ቴሌቪዥን ቢኖራት አይሻልም?» አሉ። ለዓመታት ብዙ ሰው እያየ ያለፈውን ነገር እኚህ ሰውዬ አስበውበታል።

እና አንድ አስመጪ ዋጋ ሰጥቷቸዋል። ዋጋውን ልመለስበት፤ መጀመሪያ ለምን ተራ ዲሽ ጀልባ ላይ እንደማይሠራ ልንገራችሁ፣ የደከምኩበት እሱ ላይ ነው።

60 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ዲሽ የሚያየው የሰማይ ክፍል 3 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። 90ው ደግሞ 2 ገደማ። እጃችሁን ወደ ፊት ዘርግታችሁ አውራ ጣታችሁን ብታቆሙ ጣታችሁ የሚሸፍነው ወደ 2 ዲግሪ ይጠጋል። በቃ፣ ያቺን ያህል ነው። ጣሪያ ላይ ቡሎን ካጠበቃችሁ ለዓመታት ትኖራለች። ጀልባ ግን ታስራ እንኳ አፍንጫዋን ወዲህና ወዲያ ታዞራለች። ይህን በወሬ አላልኩም። ወደ ባሕር ዳር ስንወርድ ወንድሜ አንድ 60 ዲሽ ይዞ ነበርና የታሰረችው ጀልባ ጣሪያ ላይ አቁሞ ፋይንደሩን ሰካ። ኳሊቲው 70 ገባ፤ ሰውዬው አጨበጨቡ። አንድ ዓሣ አጥማጅ በሞተር ጀልባ አለፈ፣ ማዕበሉ መጣ፣ ዜሮ። ተመልሶ 70። ዜሮ። ከደንገል በተሠራ ታንኳ ላይ የተቀመጠ አንድ ልጅ እየቀዘፈ ቆሞ ይመለከተን ነበር፣ ሳቀብን።

ለዚህ የተሠራ መሣሪያ አለ። የአውሮፓና የአሜሪካ ባለ ጀልባዎች የሚገጥሙት፣ እንደ ኢንቴሊያን ያሉ ኩባንያዎች የሚሠሩት፣ እንደ ተገለበጠ ድስት ያለ ነጭ ጉልላት። ውስጡ ትንሽ ዲሽ አለ፣ ዲሹን የሚያንቀሳቅሱ ሞተሮች አሉ፣ የጀልባዋን መናወጥ የሚያውቁ ጋይሮስኮፖች አሉ። ጀልባዋ ወደ ግራ ስታጋድል ዲሹ ወደ ቀኝ፣ ስትዞር በተቃራኒው። ውኃ የሞላ እንስራ ተሸክማ ዳገት የምትወጣ ሴት ጭንቅላቷ እንደማይነቃነቀው ማለት ነው።

ለኛ ሰማይ ግን ሁለት ጥያቄ አለ። አንደኛው ስፋቱ ነው። ርካሾቹ ጉልላቶች ውስጥ ያለው ዲሽ 37 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ስፋታቸውን አስልታችሁ ብታወዳድሩ 37ቱ ዲሽ የ90ውን አንድ ስድስተኛ ያህል ሲግናል ብቻ ይሰበስባል። አውሮፓ ውስጥ ለዚያው አገር ታስቦ በኃይል የሚላክ ሲግናል ስላለ ያ ይበቃቸው ይሆናል። እኛ ዘንድ ለክረምቱ የሚተርፍ ነገር ያስፈልጋል። ስለዚህ ወደ 60ው መሄድ ግድ ነው፣ 60ው ደግሞ ዋጋውም ክብደቱም ሌላ ነው።

ሁለተኛው ከፍታው ነው፤ የአውሮፓ ባለ ጀልባ የማይገጥመው ችግር። ኢትዮሳት ከባሕር ዳር ስትታይ 63 ዲግሪ ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ደህና ነው። ኳሱ ያለው ግን ዲኤስቲቪ ላይ ነው፣ የዲኤስቲቪዋ ሳተላይት በ36 ዲግሪ ምሥራቅ ናት፣ እኛ ደግሞ ከ37 እስከ 38 ላይ ነን። ከሞላ ጎደል አናታችን ላይ ናት ማለት ነው፤ 76 ዲግሪ። ከራስ በላይ ያለን ነገር መከተል ከባድ ነው። ሩቅ ያለን አሞራ በዓይናችሁ ብቻ ትከተሉታላችሁ፣ አናታችሁ ላይ ሲዞር ግን ሰውነታችሁ አብሮ መሽከርከር አለበት። የጉልላቱ ሞተርም እንደዚያው ነው፤ ትንሽ መናወጥ ትልቅ መሽከርከር ይሆንበታል። አንዳንዶቹ ሞዴሎች ጭራሽ እስከዚያ ከፍታ አይደርሱም። አስመጪው በሰጣቸው ወረቀት ላይ «ለሁሉም አገር የሚሆን» ተብሎ ነበር የተጻፈው። የከፍታ ገደቡ የት እንዳለ ፈልጌ አጣሁት። ለማንኛውም ዕቃ ሻጭ የምጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ አሁን ይኸው ነው።

ዋጋው፦ 4,800 ዶላር። ብሩ በ2016 ሐምሌ በገበያ እንዲወሰን ከመለቀቁ በፊት ቢሆን 57 ብር ገደማ ነበር የሚመነዘረው፣ 270 ምናምን ሺህ ብር ይሆን ነበር። እሳቸው ሲጠይቁ ከ600,000 ብር አልፏል። አስመጪው ለገጣሚው ደግሞ 40,000 ብር ድርሻ መድቧል። ገጣሚው ወንድሜ ነው።

40,000 ብር እኛ ቤት ምን እንደሆነ ላስረዳ። የባጃጇን ብድር የአራት ወር ክፍያ ይዘጋል። ወይም የእማዬን ጉልበት ያሳክማል። እማዬ ጉልበቷ እምቢ ካላት ወዲህ ቤተ ክርስቲያን የምትሄደው ለበዓል ብቻ ነው፣ ሌላውን ቅዳሴ ነጠላዋን አደግድጋ ከቴሌቪዥኑ ፊት ቆማ ነው የምታስቀድሰው። በሞባይል ኢንተርኔት መቋረጥ ወራት እኛ ልጆቿ ስልካችን ድንጋይ ሆኖብን ስንጨናነቅ እሷ ምንም አልጎደለባትም። ዲሽ ከሰማይ ነው የሚቀበለው፣ ከዚህ ምድር የሚፈልገው መብራት ብቻ ነው። (መብራቱም ሲኖር።)

እና ጀልባዋ ላይ ተቀምጠን ሰውዬው ጠየቁ።

«እንዴት ነው ልጄ፣ ይሆናል አይሆንም?»

«ይሆናል ጋሼ» አለ ወንድሜ። «ትልቁን ካስመጡት ይሆናል። ግን ጀልባዋ በሳምንት ስንት ሰዓት ትንቀሳቀሳለች?»

«ሰው ካለ ቅዳሜና እሁድ።»

«ሰው ካለ።»

«አዎ፣ ሰው ካለ።»

«ኳሱ ሁለት ሰዓት ነው። ሁለቱን ሰዓት ማዶ መሄድ አለባት ወይስ እዚሁ ታስራ ብትቆይ ሰው ይከፋዋል?»

ሰውዬው ዝም አሉ። ወንድሜ ቀጠለ፤ ወደቡ ላይ ብረት ምሰሶ በሲሚንቶ ይተከል፣ ሁለት 90 ዲሽ፣ አንዱ ለዲኤስቲቪ አንዱ ለኢትዮሳት፣ ገመዱ እስከ ጀልባዋ ማሰሪያ ይምጣ፣ ስትታሰር ይሰካ፣ ስትሄድ ይነቀል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ጣና እንደሆነ ይናወጣል፣ ጠዋት ዞረው ይመለሱና ኳሱን ታስረው ይዩ። ክብራን ላይ ለሚጠብቁት ሴቶች ፍላሽ ላይ ፊልም ተጭኖ ይሰጥ። የእሱ የእጅ ዋጋ፦ 7,000 ብር።

እኔ ከጎኑ ተቀምጬ ክርኔን ጎኑ ላይ አሳረፍኩ። አልሰማኝም፣ ወይም ሰምቶ ዝም አለ።

ስንመለስ ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር ዳገቱን እየወጣን ተጣላን። የኔ ክርክር ይህ ነበር፦ ሰውዬው ሕፃን አይደሉም። የመዝናኛ ጀልባ ራሷ ትርፍ ነገር ናት፣ ትርፍ ነገር ላይ ሌላ ትርፍ ነገር ቢጨምሩ ምን አገባን? ይህ አገር ከጋፋት እስከ መቅደላ ወደ 7 ቶን የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን ጎትቷል። ከዚያ ጠባችን በኋላም ጣናነሽ 2 የምትባለዋን 150 ቶን ጀልባ ከጅቡቲ በየብስ አስጎትቶ ጣና አግብቷል። መንገድ ዳር ቆሞ በስልኩ ያልቀረጻት ማን አለ? አዋጭ ነው ወይ ብሎ ሲጠይቅ የዋለ ግን አላየሁም። አንድ ነጭ ጉልላት ሲሆን ነው ሒሳብ የሚመጣው?

«ሞተሩ የቆመ ቀን የሚደውሉት ለማን ነው?» አለ ወንድሜ። «ለአስመጪው? ለኔ ነው። መለዋወጫውን ከየት አመጣለሁ? ከዚያ በኋላ ባሕር ዳር ማን ያሠራኛል?»

ትክክል ነው፣ ገብቶኛል። ግን እስከ ዛሬም ያልተስማማሁበት ነገር አለ። የሰውዬውን ገንዘብ ያዳነው ከእማዬ ጉልበት ላይ ነው። ሌላው ሰው እንዳይከስር ሲጨነቅ እኛን ማን አሰበን? «ታማኝ ነው» የሚባል ስም ገበያ ይዛችሁ ብትወጡ ስንት ያወጣል? እሱ ያወጣል ይላል፣ ቀስ ብሎ። ቀስ ብሎ የሚለው ነገር ለጉልበት አይሆንም።

ምሰሶው በግንቦት ተተከለ። ሲሚንቶው ሦስት ቀን እስኪደርቅ ባሕር ዳር ዘመድ ቤት አደርን። የዲኤስቲቪውን ዲሽ ሲያቀና የወደቡ ሰው ሁሉ «ተሳስቷል፣ ወደ ላይ አደረገው» ይል ነበር፤ 76 ዲግሪን በዓይን ማመን ይከብዳል። ሲግናሉ ገባ። ሰውዬው 7,000ውን ሰጥተው ለእማዬ ብለው ቀረሶ ጨመሩበት፣ በበረዶ ጠቅልለው። የ40,000ው ወሬ ቤታችን አሁንም ይነሳል፤ ብዙ ጊዜ የምታነሳው እማዬ ሳትሆን እኔ ነኝ። እሷ «ተወው ልጄን» ትለኛለች።

ነሐሴ ላይ የእንግሊዝ ሊግ ሲጀመር ስልክ ተደወለ። ሰውዬው ተናደዋል።

«ዝናብ መጣና ጠፋ!»

ወንድሜ አስረዳ፤ ከባድ ዝናብ ሲኖር ይህ ሲግናል ይዳከማል፣ የሚያውከው ሩቅ ያለው ደመና ሳይሆን እዚያው አናታቸው ላይ የሚዘንበው ነው፣ ሲያባራ ይመለሳል። ስድስት መቶ ሺህ ብር የሚያወጣውም ቢሆን ይጠፋ ነበር።

«ይልቅ ጋሼ፣ በዚህ ዝናብ ሰዎቹ ወርደው አልሄዱም?»

«የት ይሄዳሉ» አሉ ሰውዬው። «አሥራ አራት ሰው ቁጭ ብሎ ጥቁሩን ስክሪን እያየ ነው። ሁለተኛ ካሳ ቢራ አስመጥተዋል።»