«ልጅህ ምን ተማረች?»

ይህን ጥያቄ ለሦስት ዓመት ሸሽቼዋለሁ። ሠርግ ቤት፣ ለቅሶ ቤት፣ መሥሪያ ቤት በሻይ ሰዓት የልጆች ወሬ ይነሳል። የአንዱ ልጅ ሕክምና፣ የሌላው ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ ይሆናል። የእኔ ተራ ሲደርስ «ቋንቋ» እላለሁ፤ ከዚያ ዝም። ሰዎቹ ፈረንሳይኛ ወይም እንግሊዝኛ ይመስላቸዋል። «ጥሩ ነው፤ ውጭ ጉዳይ ትገባለች» ይላሉ። እኔም አላርማቸውም። ልጄ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አማርኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ እንደምታጠና መናገር አፍር ነበር። ይህን ዛሬ መጻፉም ቀላል አይደለም፤ እሷም ታነበዋለችና።

እኔ የዘጌ ልጅ ነኝ። ዘጌን ብዙዎቻችሁ በጉብኝት ታውቋት ይሆናል። ከባሕር ዳር በጀልባ የሚደረስባት፣ እነ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ያሉባት የቡና ጫካ ናት። ጎብኚው የገዳሙን ግድግዳ ሥዕል አይቶ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ ከሰዓት በኋላ ይመለሳል። እኛ ግን የምንኖረው በቡናው ነበር። በዘጌ በሬ ጠምዶ ማረስ ከአቡነ በትረ ማርያም ዘመን ጀምሮ ክልክል ነው ይባላል፤ ስለዚህ ቡናው ተሽጦ እህል ይገዛል። አባቴ ቡናውንና እንጨቱን በታንኳ እየጫነ ባሕር ዳር ገበያ ያወርድ ነበር።

9ኛ ክፍል ለመማር ወደ ባሕር ዳር የሄድኩት በ1975 ነው። የ15 ዓመት ልጅ ነበርኩ። አባቴ እስከ ጀልባው ሸኘኝ። እናቴ ከቤት አልወጣችም። ሥራ የበዛባት መስሎኝ ብዙም አላሰብኩበትም።

በ1979 ፖሊ ገባሁ። ባሕር ዳር ውስጥ ፖሊ ማለት ትልቅ ነገር ነበር። በ1955 በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተቋቋመ፣ ብረታ ብረት፣ ኤሌክትሪክ፣ እንጨት ሥራ፣ ጨርቃ ጨርቅ የሚያስተምር ኢንስቲትዩት ነው። እኔ ጨርቃ ጨርቅ ተማርኩ። ስመረቅ ፋብሪካው እዚያው ከተማ ውስጥ ይጠብቀኛል፤ ጣሊያን በጦር ካሳ የሠራችው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ። ተማርክ፣ ማሽኑን አወቅህ፣ ደመወዝ በላህ። በእኔ ጭንቅላት ውስጥ ትምህርት ማለት ይኸው ነው።

በዚያው ከተማ ፔዳ የሚባል ሌላ ግቢ ነበር። በ1960ዎቹ አጋማሽ መምህራን ለማሠልጠን የተከፈተ ነው። እኛ ፖሊዎች ፔዳዎችን እናሾፍባቸው ነበር። እነሱ ያወራሉ፣ እኛ እንሠራለን እንላለን። በ1992 ሁለቱ ተዋህደው ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሲሆኑ እኔ አዲስ አበባ ገብቼ፣ ትዳር ይዤ፣ የ2 ዓመት ልጅ አባት ሆኛለሁ። ያቺ ልጅ አድጋ ፔዳ ግቢ ትገባለች ብሎ የነገረኝ ሰው ቢኖር እስቅበት ነበር።

ነገሩ የጀመረው 10ኛ ክፍልን ስትጨርስ ነው። ያኔ ከ10ኛ በኋላ ናቹራል ወይም ሶሻል መምረጥ ግድ ነበር። ሒሳብ ትችላለች። መንግሥትም በ2001 ባወጣው የ70/30 ቅበላ ከ100 የዩኒቨርሲቲ ተማሪ 70ው ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲማር ወስኖ ነበር። አገሩ በሙሉ ወደ አንድ በር ሲጋፋ የእኔ ልጅ በሌላው ወጣች። «ሶሻል» አለች። እሺ፣ አካውንቲንግ ወይም ሕግ ይሆናል ብዬ ዋጥኩት። የ12ኛ ፈተናዋን የወሰደችው በ2008 ነው፤ ፈተናው ተሰርቆ ወጥቶ፣ ተሰርዞ፣ በክረምት በድጋሚ የተሰጠበት ዓመት። ያ ሁሉ ጭንቀት አልፎ ጥሩ ውጤት ስታመጣ የሞላችው አማርኛን ሆነ።

«አማርኛ እኮ ትችያለሽ» አልኳት። «የምትችይውን ነገር ሦስት ዓመት ምን ብለሽ ትማሪዋለሽ?»

«አባዬ፣ አንተ አማርኛ ትችላለህ?» አለችኝ።

ስድብ መሰለኝ። ለአባት የሚነገር አይደለም ብዬ ተቆጣሁ። ባለቤቴ በመሐል ባትገባ የባሰ ነገር እናገር ነበር። በ2009 መስከረም መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ዘመድ ሁሉ «በዚህ ጊዜ ሴት ልጅ ባሕር ዳር ትልካላችሁ?» ሲለን፣ እኔ በሆዴ ሰበብ ያገኘሁ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ሻንጣዋን ይዛ ሄደች። የወጪ መጋራት ውሉን ፈርማ ስትደውልልኝ «በዕዳ ሥራ አጥነት ገዛሽ» አልኳት። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ንግግር ነው።

አንደኛውና ሁለተኛው ዓመት እንዲሁ አለፈ። ገንዘብ እልካለሁ፣ ስለ ጤናዋ እጠይቃለሁ፣ ስለ ትምህርቷ አልጠይቅም። ክረምት ስትመጣ ሥነ ግጥም፣ ሥነ ልሳን፣ ሂስ እያለች ከእናቷ ጋር ታወራለች፤ እኔ ዜና እከፍታለሁ። ሥነ ጽሑፍ ለእኔ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ያነበበው «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው፤ ማታ ማታ የሚደመጥ ደስ የሚል ነገር። ዲግሪ የሚሰጥበት ነገር አይደለም።

በሦስተኛው ዓመት የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ መምረጥ ነበረባት። ሥነ ቃል መረጠች። ሥነ ቃል ማለት በጽሑፍ ያልሰፈረው፣ ሰው በአፉ ይዞት የሚኖረው ነገር ነው፤ ተረቱ፣ ምሳሌያዊ ንግግሩ፣ ሙሾው፣ እንጉርጉሮው። ተማሪው ስልኩን ወይም መቅረጫውን ይዞ ወደ ሰዎቹ ይሄዳል፣ ይቀርጻል፣ ቃል በቃል ይጽፋል፣ ከዚያ ይተነትናል። ልጄ በሴሚስተር ዕረፍት ዘጌ ሄዳ አያቷ ቤት ሁለት ሳምንት ተቀመጠች። ይህንንም የሰማሁት ከእናቴ ነው። ስደውልላት «ልጅህ መጥታ ስወቅጥም ስፈጭም ታስለፈልፈኛለች፤ ደህና ናት ግን?» ብላ ጠየቀችኝ።

የ2011 የፋሲካ ሰሞን ልጄ ቤት መጣች። ማታ ሳሎን ቁጭ ብዬ ሳለ ደብተርና ስልኳን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። «አባዬ፣ የማይገቡኝ የዘጌ ቃላት አሉ። ትረዳኛለህ?» በሦስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ትምህርቷ ልትጠይቀኝ መጣች። የታንኳ ዕቃ ስም ነው፣ የቡና ለቀማ ቃል ነው፤ እነዚያን አውቃለሁ። ደስ እያለኝ እመልስላት ጀመር። ድምፁን እያስቆመች ትጽፋለች። የሙቀጫው ድምፅ ከእናቴ ድምፅ ጋር አብሮ ይሰማል። የዘነዘናው ምት ግጥሙን ይዞት ይሄዳል።

ከዚያ አንዱ ጋ ደረስን።

«ይቺን አውቃታለሁ» አልኳት። «ተማሪ ሆኜ ለዕረፍት ስመለስ ሁልጊዜ የምትላት ናት። ስለ ባሕር ዳር ከተማ ነው።»

ልጄ ቀና ብላ አየችኝ። «እርግጠኛ ነህ?» ብላ መልሳ ከፈተችው።

ሌላው ልጁን ሲድር እልል ይባልለታል፣
የእኔን ባሕር ዳረው ዝም ብሎ ወስዶታል።

«‹ባሕር ዳር› አትልም፣ ‹ባሕር ዳረው› ነው የምትለው» አለችኝ። «ሰምና ወርቅ ነው። ሰሙ ሠርግ ነው፤ ኅብረ ቃሉ ‹ባሕር ዳረው› ናት። ጆሮ ቶሎ የሚሰማው የከተማውን ስም ነው። እሷ ግን ባሕሩ ልጄን ዳረብኝ ነው የምትለው። ሰው ልጁን ሲድር ሸኚ አለ፣ እልልታ አለ፣ ጥሎሽ አለ። የእሷን ልጅ ግን ዝም ብሎ ወሰደው። ‹ዝም ብሎ› ራሷ ሁለት ናት። አንዱ ድምፅ ሳያሰማ ነው፤ ሌላው እንዲሁ፣ በነፃ፣ ምንም ሳይሰጥ ነው። ደግሞ ባሕር ወሰደው የሚባለው መቼ ነው?»

ሰው ሲሰጥም ነው። ይህን ለመናገር አልቻልኩም፤ እሷም መልስ አልጠበቀችም።

ጎጃም የቅኔ አገር ነው ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ የሩቅ አገር ተማሪ ዓመታት የሚቆይባቸው የቅኔ ቤቶች መሆናቸውን አውቃለሁ። ፊደል ያልቆጠረችው እናቴ፣ የቅኔ ቤት ደጅ ረግጣ የማታውቀው፣ ሙቀጫ አጠገብ ቆማ በ24 ቀለም ይህን ሁሉ ስትል ግን እኔ ከተማ የምታሞግስ መስሎኝ ቡናዬን ጠጥቼ እወጣ ነበር። ጀልባው ድረስ ያልሸኘችኝ ለምን እንደሆነ የገባኝ በ51 ዓመቴ፣ አዲስ አበባ፣ ሶፋ ላይ ተቀምጬ ነው።

ልጄ ስለዚህች ግጥም ሁለት ገጽ ተኩል ጽፋለች። የእኔን ስም አልጠቀሰችም፤ «የአቀንቃኟ ልጅ ለትምህርት ከቀዬው የወጣበት ወቅት» ብላ አልፋዋለች። እንደዚያ በሦስተኛ ሰው ተጽፌ ሳነበው እንግዳ ነገር ተሰማኝ።

በነጋታው ዘጌ ደወልኩ። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ሦስት ጊዜ ሞከርኩ።

«እማዬ፣ ያቺ ቡና ስትወቅጪ የምትያት፣ ‹የእኔን ባሕር ዳረው› የምትለው፣ እኔን ነው?»

«ታዲያ ማንን ሊሆን ኖሯል?»

ዝም አልን። የዶሮ ድምፅ ይሰማኛል ከወዲያ።

«አሁን ማን ነገረህ?» አለችኝ።

«ልጄ ናት።»

«እሷስ ተምራለች» አለች እናቴ።

ልጄ በዚያው ዓመት ተመረቀች። ከዚያ በኋላ ያለውን አሳምሬ ባወራ ውሸታም እሆናለሁ። ከ1 ዓመት በላይ ያለ ሥራ ተቀመጠች፤ ኮቪድም ተጨመረበት። የሥራ ማስታወቂያው ሁሉ «ማኔጅመንት፣ አካውንቲንግ፣ ኢኮኖሚክስ ወይም ተዛማጅ» ይላል። ተዛማጅ የሚለው ቃል አማርኛን አያካትትም። ጠዋት ልብሷን ለብሳ ወጥታ ከሰዓት ስትመለስ ፊቷን እያየሁ «ነግሬሽ ነበር» የሚለው ቃል አፌ ላይ እየመጣ ዋጥኩት። አንድ ሁለቴ ሳልውጠውም ቀርቻለሁ።

አሁን አንድ የግል ትምህርት ቤት አማርኛ ታስተምራለች። ደመወዟ ኮምፒውተር ሳይንስ የተማረው ታናሽ ወንድሟ የሚያገኘውን ግማሽ አይሞላም። የምታስተምራቸው ልጆች ቤታቸው ውስጥ በእንግሊዝኛ የሚጣሉ፣ የዩቲዩብ ልጆች ናቸው። አያታቸውን ተረት ጠይቀው እንዲጽፉ የቤት ሥራ ስትሰጥ አንድ ወላጅ መጥቶ «ልጄ ለፈተና በማይመጣ ነገር ጊዜ ያባክናል» ብሎ ተቆጥቷል። በሌላ በኩል አንዲት አያት ትምህርት ቤቱ ድረስ መጥተው «ልጁ በስንት ጊዜው አጠገቤ ተቀመጠ» ብለው መርቀዋታል። ሁለቱንም በአንድ ሳምንት ነው የነገረችኝ፤ እየሳቀች።

የጎረቤት ወላጆች አሁን ምክር ይጠይቁኛል። ዲግሪው ዛሬ 4 ዓመት ሆኗል፣ ከ2015 ጀምሮ የመውጫ ፈተናም አለ፤ ልጃቸው ደግሞ «ሥነ ጽሑፍ» ወይም «ታሪክ» ይላቸዋል። ሥራ ፍለጋው ረጅም መሆኑን አልደብቃቸውም። ቤት ኪራይዋን እስካሁን በከፊል የምከፍለው እኔ እንደሆንኩም እነግራቸዋለሁ። ከዚያ የእናቴን ግጥም እነግራቸዋለሁ። አንዳንዱ ዝም ይላል፤ አንዳንዱ «እሺ፣ ግን ደመወዙስ?» ይላል። ልክ ነው፤ እኔም ያንኑ እጠይቅ ነበር።

ባለፈው ወር የአንድ ባልደረባችን ልጅ ሠርግ ላይ፣ ያ የሻይ ሰዓት ጓደኛዬ፣ ልጄን ውጭ ጉዳይ የመደባት ሰውዬ፣ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ልጅህ ምን ነበር የተማረችው?» አለኝ።

«አማርኛ» አልኩት።

ትንሽ አሰበ። ሥጋውን ቆረጠ፣ ዋጠ። ከዚያ ጆሮዬ ጋ ተጠግቶ «ትንሹ ልጄ በአማርኛ 38 አምጥቶ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ታስጠናልኝ ይሆን?» አለኝ።

ስልኳን ሰጠሁት። ዋጋውን ግን ከእሷ ጋር ተነጋገር አልኩት፤ ርካሽ እንዳይመስለው።