ከጋፋት እስከ መቅደላ፤ ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ መንገድ

መንገድ ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው ሰውንና ሸክሙን ካሰበበት ማድረስ ነው፤ ሁለተኛው ለተጓዡ አገሩን ማሳየት ነው። ፊተኛውን ሥራ ሁሉ ያውቀዋል፤ ሁለተኛው ግን ተዘንግቷል።

ከደብረ ታቦር ወደ ምሥራቅ ለሚሄድ ሰው የጉና ተራራ በቀኙ ይታየዋል። ቁመቱ ከባሕር ወለል በላይ ከ4,100 ሜትር ያልፋል፤ የርብና የጉማራ ወንዞችም ከእርሱ ወጥተው ወደ ጣና ይወርዳሉ። በከተማዪቱ አጠገብ ባለው በጋፋት የውጭ አገር ሠራተኞች ለዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አቀለጡ፤ ክብደቱም ሰባት ቶን ያህል ነው።

ንጉሠ ነገሥቱ በ1860 ዓ.ም. በመስከረም መጨረሻ ከደብረ ታቦር ተነሥተው መድፉን በመንኰራኵር እያስጐተቱ በጨጨሆ፣ በዋድላና በደላንታ አልፈው በመጋቢት መቅደላ ደረሱ። መንገድ ስላልነበረ ቋጥኙ እየተፈለጠ፣ ገደሉ እየተደለደለ ተጠረገ፤ እርሳቸውም ከሠራዊቱ ጋር በገዛ እጃቸው ድንጋይ ያነሡ ነበር። ከሰሜን የመጣው የእንግሊዝ ጦርም ዋድላ ላይ ሲደርስ በዚሁ መንገድ ገብቶ ወደ ጅጣ ሸለቆ ወረደ። ንጉሡ ሚያዝያ 6 ቀን መቅደላ ላይ ሞቱ፤ መድፉ እስከ ዛሬ በዚያው አለ።

ዛሬ መኪናው ቻይናውያን በሠሩት ከወረታ ወደ ወልድያ በሚያደርሰው መንገድ ይሄዳል። እንግዲህ ለአሮጌው መንገድ ምን ሥራ ቀረለት? በኒውዮርክ አጠገብ በብሮንክስ ወንዝ ዳር በአውሮጳ አቈጣጠር በ1925 የተፈጸመው መንገድ መልስ ይሰጠናል። መንገዱ ወንዙን ተከትሎ እንዲጠማዘዝና በዛፍ መካከል እንዲያልፍ ተደርጎ ተሠራ፤ በኋላ ግን መኪና ስለ በዛ ከፊሉ ተስፋፍቶ ቀና፤ ፍጥነት ሲገባ ውበቱ ቀነሰ። በአዲስ አበባም ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማት ለእግረኛና ለብስክሌት መሄጃ ሲወጣ፣ አትክልትም ሲተከል አይተናል።

ስለዚህ የቴዎድሮስ መንገድ የቀረው ክፍል ሁሉ ለእግረኛና ለበቅሎ ብቻ ተለይቶ ቢጠበቅ መልካም ነው። በዳሩ ውሃ ጠጪው ባሕር ዛፍ ሳይሆን ወይራ፣ ኮሶና ጥድ ይተከል። የገበሬው ማሳ በጉልበት እንዳይነካ፣ መንገዱም በማረሻ እንዳይጠፋ አስቀድሞ የድንበር ድንጋይ ይቁም፤ ምልክት የሌለው ወሰን ክርክር እንደሚወልድ የፍርድ ቤት መዝገብ ሁሉ ይመሰክራልና። መንገድ የሁሉ ገንዘብ ስለ ሆነ ሁሉ የሌላውን ጠባቂነት ይጠብቃል፤ የሚጠፋውም በዚሁ ምክንያት ነው።

አባቶችና እናቶች ሆይ፤ በበዓል ቀን ልጆቻችሁን ይዛችሁ ከጋፋት ጥቂት ምዕራፍ በእግር ሂዱ፤ የጉናንም ስም፣ የወንዞቹንም መፍለቂያ፣ የዛፉንም ዓይነት እየነገራችሁ አሳዩአቸው። ልጅ በእግሩ ረግጦ ያወቀውን አገር አድጎ ለመጠበቅ አይሰንፍም።