ስድስተኛው መስመር

አባቴ ፊደል አልቆጠረም። ደሴ ውስጥ ሰኞ ገበያ እህል ይነግድ ነበር። ስንት ኩንታል ጤፍ እንደገዛ፣ ለማን በዱቤ እንደሰጠ፣ ማን ምን ያህል እንደቀረበት፣ ሁሉን በቃሉ ይይዛል። ወረቀት ላይ የሰፈረ ነገር ሲመጣ ግን እኔን ይጠራል።

ከትምህርት ቤት ደብዳቤ የሚመጣው በዓመት ሁለት ቢበዛ ሦስት ጊዜ ነው። ዋናው የበልጉ ነበር። መጋቢት አልቆ ሚያዝያ ሲገባ፣ አገሩ ሁሉ ዝናቡ መጣ ቀረ እያለ ወደ ጦሳ አናት በሚያንጋጥጥበት ሰሞን፣ የክፍላችን ኃላፊ በስቴንስል የተባዛ ግማሽ ወረቀት ያድሉናል። ቀለሙ እጅ ላይ ይለቃል፤ ሽታው እስከ ቤት ይከተላል። ከላይ «ለተማሪ ወላጆች በሙሉ»፣ ዝቅ ብሎ «ጉዳዩ»፣ ከግርጌ ክብ ማኅተም። መልእክቱ ከዓመት ዓመት ብዙም አይለይም፤ ለፋሲካ ትምህርት የሚዘጋበትና የሚከፈትበት ቀን፣ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ተፈታኞች ጉርድ ፎቶግራፍ እንዲያመጡ፣ ለአጥር ማሳደሻ መዋጮ፣ እሑድ ጠዋት የወላጆች ስብሰባ።

ደብዳቤው የሚነበበው ማታ ቡና ተፈልቶ ነው። የግቢያችን ሴቶች ይመጣሉ፤ ከጀርባችን ያሉት አዛውንትም ዱላቸውን ይዘው በር ላይ ይቀመጣሉ። አባቴ ጋቢውን ያስተካክልና «በይ እስቲ ልጄ» ይለኛል። እኔ ቆሜ አነባለሁ። ሳበቃ ክርክሩ ይጀመራል። መዋጮው ከአምናው ለምን በለጠ? ለስብሰባው ማን ይሂድ? የዚያች የሟች ልጅ ፎቶግራፍ መነሻ ማን ይስጣት? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ሁልጊዜ መልስ ያገኝ ነበር፤ ሳንቲሙ እዚያው ረከቦቱ አጠገብ ይሰበሰባል። ያ ግማሽ ወረቀት የአንድ ቤት አልነበረም፤ የግቢው ሁሉ ነበር።

በ1973 ዓ.ም. ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ። የዚያን ዓመት የበልግ ደብዳቤ ከታተመው ሥር በእጅ የተጻፈ አንድ መስመር ነበረው። ልጅዎ በሒሳብ ስለደከመች መጥተው ያነጋግሩን ይላል። ዘለልኩትና «አለቀ» አልኩ። አባቴ እጁን ዘርግቶ ወረቀቱን ተቀበለኝ። ወደ ኩራዙ አስጠጋው። ከዚያ ጆንያ ሲቆጥር እንደሚያደርገው፣ በአመልካች ጣቱ መስመሮቹን ከላይ ጀምሮ አንድ በአንድ እየነካ ወረደ። ለካ እኔ ሳነብ ዓይኔ ከመስመር ወደ መስመር ሲሸጋገር ይከታተለኝ ኖሯል።

«ስድስት ነው» አለኝ። «ያነበብሽልኝ አምስት ነው።»

አልጮኸም፤ ሰው ፊትም አላዋረደኝም። ጎረቤት እስኪበተን ቆየና «ስድስተኛውን አንብቢልኝ» አለ። አነበብኩለት። በማግስቱ ሱቁን ዘግቶ ትምህርት ቤት ሄደ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1980 የሸለመው ያ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሐምሌ 1971 ሲጀመር አባቴ ዕድሜዬ አልፏል ብሎ ቀርቶ ነበር። ከዚያ ምሽት በኋላ ግን ቀበሌ ሄዶ ተመዘገበ። በዓመቱ ካርዴ ላይ የፈረመልኝ በጣት አሻራ ሳይሆን በስሙ ነው። ፊደሎቹ እንደ አጥር እንጨት ተራርቀው የቆሙ ነበሩ። ያ ካርድ ዛሬም እኔ ዘንድ አለ።

አሜሪካ የመጣሁት በዲቪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ሜሪላንድ ውስጥ እንኖር ነበር። እኔ ዲሲ መሐል አንድ የፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ በማታ ሺፍት ካሸር ነበርኩ፤ ልጄ ሦስተኛ ክፍል ነበር። በሳምንት አንድ ቀን ከቦርሳው አንድ ፎልደር ይወጣል። ውስጡ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ሮዝ ወረቀት ይታጨቃል። እንግሊዝኛዬ ለሥራ ይበቃኛል፤ ሰላምታ፣ ሒሳብ መመለስ፣ ለአለቃ መልስ መስጠት አያቅተኝም። የትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ግን ሌላ ቋንቋ ነበር። «ኧርሊ ዲስሚሳል» የሚለውን ቃል ያወቅሁት ልጄ በመጋቢት ብርድ ለሁለት ሰዓት ያህል ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ከጠበቀኝ በኋላ ነው።

ስለዚህ ልጄ አንባቢዬ ሆነ። እኔ እንጀራ እያወጣሁ፣ እሱ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ፣ ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በእንግሊዝኛ ይነግረኛል። «እማዬ፣ ይሄ ስለ ስፕሪንግ ብሬክ ነው። ይሄ ስለ ፈተና ነው፤ ቁርስ አብሏቸው ይላል። ይሄ ምንም አይደለም።» ያን «ምንም አይደለም» አምኜ ወረቀቱን እጥለዋለሁ። ቸኩላለሁ፤ አውቶቡስ ያመልጠኛል።

ከዓመታት በኋላ ቤት ስንለቅ ከአልጋው ሥር የድሮ ቦርሳው ወጣ። ከታች ተጨማዶ የደረቀ ቢጫ ወረቀት አገኘሁ። በዚያን ጊዜ ማንበብ ችዬ ነበር። ክፍሉ በግንቦት ባልቲሞር ወደሚገኘው ብሔራዊ አኳሪየም እንደሚሄድ፣ ለአንድ ልጅ 18 ዶላር እንደሚከፈል፣ አብሮ መሄድ የሚችል ወላጅ እንዲመዘገብ ይጠይቃል። ከሥር ወላጅ የሚፈርምበት መስመር ባዶውን ቀርቷል። ልጄን ጠየቅሁት። ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነበር። ወረቀቱን አይቶ ወዲያው አስታወሰው። «ያን ሳምንት ሰዓትሽን ቆርጠውብሽ ነበር» አለኝ። ክፍሉ አሳና ሻርክ ሲያይ እሱ ሌላ ክፍል ተቀምጦ ሲሥል ዋለ።

እኔ ስድስተኛውን መስመር የዘለልኩት ራሴን ላድን ነው። ዘጠኝ ዓመት የሆነው ልጄ የዘለለው እኔን ሊያድን ነው። አባቴ መስመሩን ቆጥሮ አገኘው። እኔ አልቆጠርኩም።

ይህ የእኔ ቤት ብቻ ታሪክ ስላልሆነ ነው የምጽፈው። ፊደል የቆጠሩ፣ አገር ቤት ያስተማሩ፣ ቢሮ የመሩ ሰዎች እዚህ የልጃቸውን ደብዳቤ በልጃቸው አፍ ሰምተዋል። ልጅ አስተርጓሚ መሆን እንደሌለበት የአሜሪካ የትምህርትና የፍትሕ ሚኒስቴሮች እ.ኤ.አ. በጥር 2015 ለትምህርት ቤቶች በላኩት ደብዳቤ በግልጽ አሳስበው ነበር። መሠረቱ የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ነው፤ በኋላም እ.ኤ.አ. በ1974 የሳንፍራንሲስኮ ቻይናውያን ቤተሰቦች እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደው የረቱበት ክርክር አጠናክሮታል። ዲሲ ደግሞ በ2004 የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አወጣች። እኔ ፎልደሩን በልጄ ዓይን በማነብበት ዓመት ማለት ነው። እነ ሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ እነ አሌክሳንድሪያ ለወላጆች መልእክት ከሚተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ከሆነ ቆይቷል። ይህ ከሰማይ አልወረደም። በየስብሰባው እጃቸውን እያወጡ «በአማርኛ ይጻፍልን» ያሉ ወላጆች ነበሩ። ከኋላ ወንበር ሆኜ ሰምቻቸዋለሁ።

ዛሬ የልጅ ልጄን ከትምህርት ቤት የማመጣት እኔ ነኝ። ስለዚህ ስልኬ ተመዝግቧል፤ ቋንቋዬም «አማርኛ» ተብሎ ተሞልቷል። የጸደይ መልእክት የሚል ርዕስ ሲመጣልኝ ደስ ይለኛል። በእኛ አቆጣጠር ጸደይ የሚገባው መጋቢት 26 ነው፤ የእነሱ የጸደይ ዕረፍትም በዚያው ሰሞን ነው። ስለዚህ ቢያንስ በወቅቱ ስም እንግባባለን። በመልእክቱ ውስጥ የማይነገር ነገር የለም። ትምህርት የማይኖርባቸው ቀናት። የግዛቱ ፈተና ሳምንት፤ ክሮምቡኩ ማታ ቻርጅ ይደረግ፣ ልጁ በጊዜ ይተኛ። ክረምቱ በረዶ አብዝቶ ትምህርት ተዘግቶ ከነበረ፣ ሕጉ የሚጠይቀው 180 የትምህርት ቀን እንዲሞላ ሰኔ ላይ የሚጨመረው ቀን። እስከ ሴፕቴምበር 1 አምስት ዓመት የሚሞላው ልጅ ለኪንደርጋርተን እንዲመዘገብ፤ የልደት ወረቀት፣ የክትባት ካርድ፣ የመኖሪያ ማስረጃ ይዛችሁ ኑ። ሃይስኩል ያላችሁ ደግሞ 75ቱን ሰዓት የበጎ አገልግሎት ሥራ አትርሱ፤ ያለ እሱ በሜሪላንድ ዲፕሎማ የለም። የበጋ ትምህርት። የበጋ ምሳ።

አንድ ነገር ግን እጨምርበታለሁ፤ ሳገኛቸው ለእናቶች ሁሉ እናገራለሁ። ፋሲካችን ከእነሱ ፋሲካ ጋር የሚገጥመው አንዳንዴ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 ሁለቱም በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 12 ቀን ዋሉ። በ2024 ግን የእኛው የዋለው ሚያዝያ 27፣ በእነሱ ሜይ 5 ነበር፤ የእነሱ ካለፈ አምስት ሳምንት ሆኖታል። የጸደይ ዕረፍቱ አልቋል፤ ስቅለት ዓርብ ልጁ ክፍል መግባት አለበት ማለት ነው። ለሃይማኖት በዓል መቅረት በሜሪላንድ ደንብ የታወቀ ምክንያት ነው። የማውቃቸው እናቶች ይህን ባለማወቅ ልጃቸውን «አሞታል» ብለው ያስቀሩታል። አላመመውም። እየሰገደ ነው የዋለው። ይህንኑ ጻፉ።

አሁን የሚያሳዝነኝን ልናገር። ባለፈው ዓመት የትምህርት ቤታችን የጸደይ ስብሰባ ላይ የአማርኛ አስተርጓሚ ተቀምጣ ነበር። በጆሮ የሚሰማበት መሣሪያ በሳጥን ሞልቶ ከፊቷ ተደርድሯል። የመጣነው ሁለት ነን። እኔና አንድ ታክሲ ነጂ፤ እሱም ግማሹ ላይ ተነሥቶ ሄደ። አስተርጓሚዋ ለእኔ ለአንዲቷ ስትል እስከ መጨረሻው በሹክሹክታ ተረጎመች። ደጅ ስንወጣ «ሁልጊዜ እንዲህ ነው?» አልኳት። ጥቂት አሰበችና «አንዳንዴ ማንም አይመጣም» አለችኝ።

ሥራ እንደሚበዛ አውቃለሁ። ሁለት ሥራ ሠርቻለሁ፤ ሌሊትም ሠርቻለሁ። ግን አባቴ ያን ጊዜ ሱቁን ዘግቶ ነው የሄደው፤ የዘጋው ደግሞ በገበያ ቀን ነው። ደብዳቤው በዓመት ሁለቴ ሲመጣ መንደር ተሰብስቦ ይሰማው ነበር፤ ዛሬ በየቀኑ ሲመጣ አንድም ሰው አይከፍተውም። ወጣት እናቶች ስልካቸውን ሲያሳዩኝ አርባና ሃምሳ ያልተነበበ መልእክት አያለሁ። በቋንቋችን እንዲጻፍልን የታገልንለት ነገር እዚያ ውስጥ ተኝቷል።

ሌላም አለ። የተሰጠው ሊወሰድ ይችላል። እ.ኤ.አ. ማርች 1 ቀን 2025 የተፈረመው ፕሬዚዳንታዊ ትእዛዝ እንግሊዝኛን የአገሪቱ ኦፊሴላዊ ቋንቋ ብሎ፣ እንግሊዝኛ ለማይችሉ ሰዎች አገልግሎት እንዲመቻች ያዝዝ የነበረውን የ2000ውን ትእዛዝ ሽሯል። መሥሪያ ቤቶች ትርጉም እንዲያቆሙ አላስገደደም፤ የ1964ቱም ሕግ በቦታው አለ። ሆኖም በጀት ሲጠብ የበላዩ ቀና ብሎ «ይህን ማን ያነበዋል?» ብሎ የሚጠይቅበት ቀን ሊመጣ ይችላል። መልሱ እኛው ጋ ነው። ሰው በማይከፍተው ደብዳቤ ላይ ሰው ቀጥሮ የሚያስተረጉም አይገኝም። በሌላ ክፍለ ግዛት የምትኖር ጓደኛዬ የላከችልኝ የትምህርት ቤት መልእክት የጸደይን ዕረፍት «የምንጭ ዕረፍት» ይለዋል። ማሽን ተርጉሞታል፤ ከመላኩ በፊት አንድም አማርኛ የሚያውቅ ሰው አላየውም። ጓደኛዬ ቢሮ ደውላ ነገረቻቸው። አመስግነው አረሙት። እስከዚያ ድረስ የደወለላቸው አልነበረም።

ልጄ ዛሬ የጭነት መኪና ይነዳል። አማርኛ ይናገራል፤ ማንበብ ግን አይችልም፤ አላስተማርኩትም። እንግሊዝኛውን መልእክት መክፈት ይችላል፤ መንገድ ላይ ስለሆነ አይከፍተውም። ስለዚህ ማታ ማታ ይደውልልኛል፤ እኔ የአማርኛውን አነብለታለሁ። የአያቱን የጣት ቆጠራ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሰማው ስላደገ ያውቀዋል።

ባለፈው ሐሙስ የጸደዩ መልእክት መጣ። ስለ ዕረፍቱ አነበብኩለት፤ ስለ ፈተናው፤ ስለ ምዝገባው። ከዚያ ቆም አልኩ። የሚቀጥለው የልጅቷ ክፍል ለጉብኝት እንደሚወጣ፣ ገንዘብ እንደሚከፈል የሚናገር ነበር። በዚህ ወር የመኪናውን ጎማ ቀይሯል፤ እጁ ባዶ እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ ከፍዬለት ዝም ብዬ ልለፈው አልኩ በልቤ።

ስልኩ ውስጥ የሞተሩ ድምፅ ብቻ ይሰማል።

«እማዬ» አለኝ፣ «ስንት መስመር ነው?»

«ሰባት» አልኩት።

«ሰባተኛውን አንብቢልኝ።»