በአትባራ ዳር፦ በረጅሙ ሌንስ ያየናት ፋሽጋ

እኛ ለሰሊጥ አጨዳ ባለፈው ጥቅምት ከካምፕ ወጥተን የነበርነው ሦስት ሰዎች ነን። አጭደን፣ ወገባችን ጎብጦ ተመለስን። ከደመወዛችን ሌላ ግን ሁለት መቶ ያህል የወፍና የነፍሳት ፎቶ ይዘን መጥተናል። "የቀን ሠራተኛ ደግሞ ወፍ ሲያነሳ ታይቶ ያውቃል እንዴ?" ብላችሁ የሳቃችሁብን አላችሁ። እሺ፣ ነገሩ እንዴት እንደነበረ እናጫውታችሁ።

ካሜራው የአንደኛችን ነው። ጎንደር ፎቶ ቤት ይሠራ የነበረ ሲሆን፣ ድንበር ሲሻገር ልብሱን ትቶ ካሜራውን በነጠላ ጠቅልሎ መጣ። አሮጌ ነው፤ ሌንሱ ግን ከ70 እስከ 300 ሚሊ ሜትር የሚዘረጋ ዙም ነው። በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ከሚታየው ጋር ሲነጻጸር 300ው ነገሩን ስድስት እጥፍ ያቀርበዋል። ባትሪውን ሶላር ካለው ሱቅ ሞልተን፣ ለካምፑ አስተዳደርና ለእርሻው ባለቤት አስቀድመን ነግረን ወጣን።

እርሻው ከአትባራ ወንዝ ወዲህ ነው። አትባራ ማለት እኛ አገር ጓንግ የምንለው ወንዝ ነው፤ ከጣና ሰሜን ተነስቶ ሱዳን ሲገባ ስሙን ይለውጣል። ተከዜም እንዲሁ ወደዚህ ሲመጣ ሰቲት ይባላል። በሁለቱ ወንዞች መካከል ያለው ጥቁር አፈር፣ ሰሊጥና ማሽላ የሚያበቅለው ምድር፣ ፋሽጋ ነው። ከ1902 እ.ኤ.አ. የድንበር ውል ወዲህ ስንት የተባለለት፣ በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ደግሞ የሱዳን ጦር የገባበት መሬት ነው። ስለ ክርክሩ የሚጽፍ ሌላ ሰው አይጠፋም። ከእኛ አንዱ ግን እስከዚያች ዓመት ድረስ ከወንዙ ማዶ ያርስ የነበረ ሰው ነው። አሁን መሻገር አይቻልም። ዓርብ ሥራ ስለሌለ ገና ሳይነጋ ወደ ወንዙ ወርደን በወዲህኛው ዳር ተቀመጥን።

መጀመሪያ ያገኘናቸው ቀያዮቹን ንብ በሎች ነው። ሰውነታቸው ቀይ፣ ራሳቸው አረንጓዴ የሆኑ ወፎች ናቸው። ጎጇቸውን የሚሠሩት ገደል በሆነው የወንዝ ዳር አፈሩን እየቦረቦሩ ነው። በጥቅምት ቀዳዳዎቹ ባዶ ነበሩ፤ ወፎቹ ግን ከከብቶች ጀርባ ላይ አርፈው፣ ከብቶቹ ሲራመዱ ከሣሩ የሚነሳውን ፌንጣ ይለቅማሉ። ንብ ሲይዙ ወዲያው አይውጡም። ቅርንጫፍ ላይ እየደበደቡ መርዙን ካስወጡ በኋላ ነው የሚበሉት። ይህን ለማንሳት ስንት ጊዜ እንደሞከርን አትጠይቁን። ሹተሩን ከ1/1000 ሰከንድ በላይ ካላደረግነው ክንፉ ጭስ ይመስላል።

ነጫጭ ሽመላዎችም መጡ። እነዚህ ከአውሮፓ ተነስተው ወደ ደቡብ ሲሄዱ ምሥራቅ ሱዳን ላይ አረፍ ብለው የሚበሉ መንገደኞች ናቸው። ሰሊጡ ሲታጨድ መጠለያ ያጣውን አንበጣና ፌንጣ ይለቅማሉ። ወንዙን ወዲያና ወዲህ ሲሉ ማንም ወረቀት አይጠይቃቸውም። ያ ማዶ ያርስ የነበረው ወንድማችን አንዱን ሽመላ በካሜራው ሲከተል ቆይቶ ድንገት ዝም አለ። ሽመላው ሄዶ ያረፈው እሱ ምሳውን ይበላበት በነበረው ግራር አጠገብ ነው። "ዛፉ አለ" አለ፤ ሌላ አልተናገረም። ያንን ፎቶ ከሁሉም ይወደዋል። ወፏ ትንሽ ደብዘዝ ብላለች፤ ዛፉ ግን ጥርት ብሏል።

ነፍሳትንም በዚሁ ሌንስ አነሳን። ሰው የሚመስለው ለትንኝና ለቢራቢሮ ተጠግቶ ማንሳት ብቻ ነው። ቢራቢሮ ግን ጥላህ ካረፈባት ትሄዳለች። የእኛ ሌንስ ከአንድ ሜትር ተኩል ባነሰ ርቀት ፎከስ አያደርግም፤ ይኸው ጉድለቱ ጥቅም ሆነ። ሜትር ተኩል ርቀን፣ ዙሙን እስከ መጨረሻው ዘርግተን፣ ትንፋሻችንን ይዘን ጠበቅን። የቢራቢሮዋ ክንፍ ላይ ያለው እንደ ዱቄት የመሰለ ነገር ሁሉ ታየ። ከሦስት ሰዓት በኋላ ግን ምድሩ ይግላል፣ አየሩ እንደ ውሃ ይንቀጠቀጣል፤ ሩቅ ያለ ነገር በምንም ሌንስ ጥርት አይልም። ያኔ ካሜራውን ከአቧራ መሸፈን ነው። ዙም በተዘረጋና በታጠፈ ቁጥር አየሩን ከነአቧራው ወደ ውስጥ ይስባል።

ድሮ በዚህ ወንዝ ዳር ሩቅ ያለውን አውሬ የሚያልሙት በጠመንጃ ነበር። ሳሙኤል ቤከር የሚባል እንግሊዛዊ በ1861 እ.ኤ.አ. አትባራንና ሰቲትን ተከትሎ ሲያድን ከርሞ በ1867 መጽሐፍ አሳተመ። ዝሆንና አውራሪስ በሽ ነበር። አውራሪስ ዛሬ የለም። ከገላባት በስተደቡብ፣ የሱዳኑ ዲንደርና የኛው አላጥሽ ፓርክ በሚገናኙበት ግን የ2016 እ.ኤ.አ. ዜና ደስ የሚል ነው። ሃንስ ባወር የሚመሩት የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ቡድን በቦርን ፍሪ ፋውንዴሽን ድጋፍ አላጥሽ ውስጥ በራሱ የሚያነሳ ካሜራ አስቀምጦ አንበሶችን አገኘ። የአካባቢው ሰው ድሮም ያውቃቸው ነበር፤ ዓለም ያመነው ፎቶው ሲታይ ነው። በሁለቱ ፓርኮች ከ100 እስከ 200 አንበሳ ሊኖር ይችላል ተብሎ ተገመተ።

አሁን ደግሞ ያሳፈረንን እንናገር። ሽመላ ስንከተል ወንዙ ዳር ውሃ የምትቀዳ ሴት ሌንሳችን ውስጥ ገባች። ብርሃኑ ጥሩ ነበርና ሳናስብ ተጫንን። እሷ አየችን፤ ቶቧን ወደ ፊቷ ሳበች። ካሜራውን አውርደን ሄድን፤ ይቅርታ ጠየቅን፤ ፊቷ ቆመን አጠፋነው። በዓረብኛ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችን፦ "ከሩቅ ለምን?"

መልስ አልነበረንም። ከእኛ አንዱ በኅዳር 2013 ዓ.ም. ሐምዳይት ላይ ሰቲትን በጀልባ ሲሻገር በዳር የቆሙ ጋዜጠኞች ረጃጅም ሌንስ ይዘው ነበር። ልጁን አቅፎ፣ ጫማውን በእጁ ይዞ። ፎቶው መታተሙን ያወቀው ከወራት በኋላ ነው። "እርዳታ የመጣልን በእነዚያ ፎቶዎች ነው፤ አልክድም" ይላል። "ግን ስሜን የጠየቀኝ የለም።" እንግዲህ እኛም በዚያች ሴት ላይ ያንኑ አደረግን። ወፍን ከሩቅ ማንሳት ወፏን አለማስደንገጥ ነው። ሰውን ከሩቅ ማንሳት ግን አለመጠየቅ ነው።

ስለዚህ ካሜራም ሆነ ዙም ያለው ስልክ የያዛችሁ ወጣቶች፣ እባካችሁ ይህን ያዙልን። ሰውን ሳትጠይቁ አታንሱ። ወደ ድልድይ፣ ወደ ኬላና ወደ ወታደር ሌንስ አታዙሩ፤ ከሩቅ ሲታይ ሌንስ መሣሪያ ይመስላል። ለብቻችሁ አትውጡ፤ የምትሄዱበትን አስቀድማችሁ ተናገሩ።

አንድ ደግሞ በሌንሳችን ያላየነው ነፍሳት አለ። የአሸዋ ዝንብ ሁለት ወይ ሦስት ሚሊ ሜትር ብትሆን ነው፤ በጥቁሩ አፈር ስንጥቅና በግራር ሥር ውላ ማታ ትወጣለች፤ ካላዛርን የምታስተላልፈው እሷ ናት። ገዳሪፍ ይህ በሽታ ከሚጸናባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ስለዚህ ከመሸ ዛፍ ሥር አትቀመጡ፣ በአጎበር ተኙ። ትኩሳት ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ሰውነት ከከሳ፣ ሆድም በጣፊያ በኩል ካበጠ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ፎቶዎቹን ማየት የፈለገ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ይምጣና እናሳየዋለን። የዛፏን ግን ባለቤቱን አስፈቅዱ። ቸር ይግጠመን።