የሞተሩ ክዳንና የልጁ ጆሮ

የጀልባዬን የሞተር ክዳን ድምፅ እንዲያፍን አድርጌ ልሠራው የተነሣሁት ለሰው አዝኜ አልነበረም። ሞተሩን አጥፍቼ ቤቴ ከገባሁ በኋላም ጆሮዬ ውስጥ መጮኹን አልተው ስላለኝ ነው። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ገዳማት ሰው አመላልሳለሁ። መሪው ከፊት ነው፣ ሞተሩ ከኋላ። ክዳኑን ተደግፎ የሚውለው ረዳቴ የሆነው ልጅ ነው። ለንስሓ አባቴ ስንቱን ስናዘዝ ይህን አንሥቼው አላውቅም፦ የራሴ ጆሮ እስኪጮኽ ድረስ የልጁ ጆሮ ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

ለ8 ሰዓት ሥራ የሙያ ጤና ባለሙያዎች የሚያስቀምጡት ወሰን 85 ዴሲቤል ነው። ከዚያ በላይ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፤ 100 ሲደርስ የሚተርፈው 15 ደቂቃ ብቻ ነው። በውስጠኛው ጆሮ ያሉት የመስሚያ ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ አይተኩም። ቀድመው የሚጠፉት ቀጫጭን ድምፆች ስለሆኑ ሰውየው መስማቱ መቀነሱን አያውቅም፤ ሌላው የሚያጉተመትም ይመስለዋል። ልጁ «አቤት ጋሼ?» እያለ ሲደጋግምብኝ ስንት ጊዜ ተቆጥቼዋለሁ!

ክዳኑ የዋንዛ ጣውላ ነው፤ ቫርኒሹን ፀሐይና ናፍጣ በልተውታል። እጄ ቀድሞ የሄደው ወደ ብርጭቆ ወረቀቱ ነው። አሮጌውን መላጥ፣ በሻካራው ጀምሮ በልስልሱ መጨረስ፣ የመጀመሪያውን ቫርኒሽ አቅጥኖ እንጨቱን ማጠጣት፣ እስኪደርቅ ጠብቆ በስሱ አሽቶ መድገም፦ ይህን ሁሉ እወደዋለሁ። የዋንዛው መልክ ፈክቶ ሲወጣ ልቤ ደስ ይለዋል፤ ተሳፋሪም የሚያደንቀው እሱን ነው። ልጁን የሚያተርፈው ግን ማንም የማያየው የክዳኑ ሥር ነው።

ስፖንጅ ውስጥ ለውስጥ የሚያስተጋባውን ድምፅ ይውጣል እንጂ ብቻውን አያግድም። የሚያግደው ክብደት ነው። ስለዚህ ከጣውላው ሥር ስፖንጅ፣ ቀጥሎ ከባድ የጎማ ንጣፍ፣ ቀጥሎ እንደገና ስፖንጅ ይደረደራል። ወደ ሞተሩ የሚዞረው ፊት እሳት የሚቋቋም፣ ናፍጣና ዘይትም የማይመጥ መሆን አለበት። ዳር ዳሩ በላስቲክ ይታሸጋል፤ ድምፅ እንደ ውሃ ስንጥቅ ፈልጎ ይወጣል። ከክዳኑ ስፋት 1 በመቶ ክፍት ከቀረ፣ ሌላው የቱንም ያህል ቢወፍር ከ20 ዴሲቤል በላይ መቀነስ አይቻልም። ሞተሩ ደግሞ መተንፈስ አለበት። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው፤ አየሩ ራሱ ስስ ነው፤ ክዳኑን ጥርቅም አድርጎ የዘጋ ሰው ጥቁር ጭስ ይጠብቀዋል። አየሩ የሚገባው በተጠማዘዘና ውስጡ ስፖንጅ በለበሰ ቱቦ ነው። አየር ታጥፎ ያልፋል፤ ድምፅ በየመታጠፊያው ኃይሉን ያጣል።

አሁንም አንድ የሚከነክነኝ አለ። ይህ ሁሉ ሳይሠራ በፊት ልጁን ወደ ፊት አምጥቶ ማስቀመጥ ይቻል ነበር። የጆሮ መድፈኛም ከአንድ ጣሳ ቫርኒሽ ይረክሳል። ለቫርኒሹ ገንዘብ አጥቼ አላውቅም።

ጀልባ ያላችሁ ወንድሞቼ፣ ክዳኑን ስታድሱ ከሥሩ ጀምሩ። እስክታድሱት ድረስ ግን ረዳታችሁን ዛሬውኑ ከሞተሩ ጎን አንሡት።